ባንቺይርጋ የሚለው ስም እንዴት እንደ ወጣ

አንድ ሰው ነበረ፤ ገበሬ። «የኔታ፣ ባንቺይርጋ የሚለውን ስሜን ልቀይረው ወይ? ኮሌጅ ስም ሲጠራ ክፍሉ ሁሉ ይስቅብኛል፤ ትርጉሙንም አላውቀው» አልሽኝ አይደል? እንግዲያው ተቀመጪና ስሚ፤ ያ የስም መቀየሪያ ፎርምሽ እዚያው ይቆይ። እኔ ባጭሩ መመለስ አልችልበትም።

ይህ ገበሬ ታናሽ ወንድሙ ተገደለበት። የገደለው በመስኖ ውኃ ተራ የተጣላው የጎረቤት ልጅ ነው፤ ገድሎም ወደ በረሃ ሸሸ። ሽማግሌ ተላከ፣ ካህን ተላከ፤ ገበሬው አሻፈረኝ አለ። «የወንድሜን ደም ሳልመልስ ሰው አይደለሁም» አለ። ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ። ወንድሙን አዝሎ ያሳደገው እሱ ነው፤ ሐዘኑ ነው መውጫ ያሳጣው።

የገዳዩ እናት ባሏ የሞተባት አሮጊት ነበረች። ልጇ ከሸሸ ወዲህ የእግዜር ሰላምታ እንኳ የሚሰጣት ጠፋ። ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ደጀ ሰላሙን አታልፍም። ከግንቡ ውጪ ቆማ አስቀድሳ ትመለሳለች።

በዚያው ዓመት የገበሬው ሚስት ፀነሰች። ሰውየው ገና በሆድ ላለ ልጅ ስም አወጣ፦ ደምመላሽ። «እኔ ባልደርስበት እሱ ይደርስበታል» አለ። እስኪ አስቢው፣ ገና ጡት ላልያዘ ልጅ ጠላት ሲያወርሱት። የኛ አገር ሰው ሞኝነቱ ይኼ ነው፤ መሬቱን ሲያወርስ ቂሙንም አብሮ ያወርሳል።

ምጡ መጣ። ሰውየው ደጅ ቆሞ እልልታ ይቆጥራል። በዚያ አገር ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው። አንድ ተባለ፣ ሁለት ተባለ፣ ሦስት ተባለ። አራተኛውን ቢጠብቅ ቢጠብቅ የለም። በሬዎቹን ነድቶ ወደ እርሻው ሄደ። ለልጅቱም ሌላ ስም አላወጣላትም፤ ሰማንያ ቀን ሙሉ «ይቺ» እየተባለች ከረመች።

ክርስትና የምትነሣበት ሰማንያኛው ቀን ደረሰ። የክርስትና እናት እንድትሆን የታሰበችው የሚስቲቱ እህት ነበረች። ቄሱ «የሚያነሣት ማነው?» ሲሉ፣ ያቺ ሚስት፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሰው ፊት ቀና ብላ ተናግራ የማታውቅ ሴት፣ ልጇን ታቅፋ ግቢውን አቋርጣ ወጣች። ከግንቡ ውጪ ወደ ቆመችው አሮጊት ሄደች። ልጅቱን ክንዷ ላይ አስቀመጠችና «እማማ፣ ክርስትና ያንሡልኝ» አለቻት።

ምን እንዳደረገች ገባሽ? ክርስትና ዝምድና ነው። ያ ከተነሣ በኋላ የዚያን ቤት ደም ማፍሰስ የገዛ ቤትን ደም ማፍሰስ ነው። ወንድን የሚያነሣው ወንድ ነው፤ የዚያ ቤት ወንድ ደግሞ በረሃ ገብቷል። ወንድ ተወልዶ ቢሆን ይህ በር አይከፈትም ነበር። ስንት ሽማግሌ፣ ስንት ባለ ጥምጥም ያቃተውን ነገር አንዲት እመጫት ጓዳዋ ተቀምጣ አሰበችው። እኔ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አሮጊቷ «አባቷ ይፍቀድ» አለች፣ ገበሬውን እያየች። ልጅቱን ነጥቆ ቢወስድ የሚከለክለው አልነበረም። ወንድሙም የተቀበረው እዚያው ግቢ ነው፤ መቃብሩ ከቆመበት ይታየዋል። በመጨረሻ እያለቀሰ ሄደና አሮጊቷን በክንዷ ደግፎ በደጀ ሰላሙ አስገባት።

ልጅቱ ተጠመቀች፤ ቄሱም የክርስትና ስሟን ሰጧት። የቤት ስም ግን የላትም። አባትየው አሮጊቷን «እርስዎ ያውጡላት» አላት። እሷም ሕፃኗን እቅፍ አድርጋ «ባንቺ ይርጋ» አለች። አገሩ ባንቺ ይርጋ፣ ቤቱ ባንቺ ይርጋ፣ የተነሣው ቁጣ ባንቺ ይብረድ ማለቷ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህን ስም ግን ያወጣችው የገዳዩ እናት ናት። በወሩ ገበሬው ራሱ ሽማግሌ ልኮ ያንን ሰው ከበረሃ አስጠራውና ታረቁ።

አንቺም ልጄ፣ እንደዚያች ሕፃን ነሽ። ስሙ ሲወጣላት እሷም ትርጉሙን አታውቅም፤ እንዲሁ በሰው ክንድ ላይ ተኝታ ሁለት ቤት አስታረቀች። ሰው ለልጁ ያለውን ብቻ አይደለም ስም አድርጎ የሚያወጣ፤ ያጣውንና የሚለምነውንም ነው። ጓደኞችሽ የሚስቁበት ስም ልመና ነው፣ ደግሞም ልመናው ተሰምቷል። ያቺ ሕፃን የእናትሽ አያት ናት፤ አንቺም የተሰየምሽው በእሷ ነው።

«ከበረሃ የተመለሰው ሰውዬስ፣ የኔታ?»

እሱማ አገባ፣ ወለደ፣ ሸመገለ። የመጨረሻ ልጁ እኔ ነኝ። ያ ስም ባይወጣ ኖሮ ዛሬ መጥተሽ የምትጠይቂው ሰው አልነበረም። በይ እንግዲህ ፎርምሽን ሙዪ፤ የፈለግሽውን ጻፊ፣ አልቆጣሽም። ብቻ የምትሰርዢው ከሆነ ወደዚያ ዞረሽ ሰርዢው፤ እኔ ቆሜ ማየት አልችልም።