ማንጠግቦሽና የተዘቀዘቀው ቀፎ

ተረት ይዤላችሁ መጣሁ፤ እስቲ አምጪው በሉኝ፤ ጠጋ ብላችሁም ስሙኝ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳውም ዕቃውም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ከሐይቅ ዳር ማንጠግቦሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ትኖር ነበር። ያለቻት አንዲት ልጅ ናት፤ ስሟም እንጉዳይ። እንጉዳይን በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ወባ ጣላት። ሦስተኛ ከያዛት አትተርፍም ብላ እናቷ ፈራች። ስለዚህ ሲመሽ ልጇ ራስጌ ተቀምጣ ቢምቢ ስታባርር ታድራለች፤ ሲነጋ ደግሞ እርሻ ትወርዳለች። ደከማት። በጣም ደከማት።

መጀመሪያ ጭስን ጠራችው።

«ጭስ ወንድሜ፣ ቢምቢን አባርርልኝ።»

«አባርራለሁ፤ ብቻ እንጨት አብዢልኝ» አላት።

እንጨት አበዛችለት። ቢምቢ ወጣች፤ እንጉዳይም በሳል ልትሞት ደረሰች። ማንጠግቦሽ እሳቱን አጠፋች፤ ቢምቢም ተመለሰች።

ቀጥላ እንቁራሪትን ጠራቻት።

«እንቁራሪት እህቴ፣ ቢምቢን ብይልኝ።»

«እበላለሁ፤ ብቻ ጓሮሽ ውስጥ ኩሬ ቆፍሪልኝ» አለቻት።

በዛለ ክንዷ ቆፈረች። እንቁራሪት አንዷን ስትውጥ ኩሬው መቶ ቢምቢ ፈለፈለ።

«ምነው እንቁራሪት?»

«እኔማ ጠግቤያለሁ» አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

ማንጠግቦሽ የቆፈረችውን ኩሬ መልሳ ደፈነችው።

በሦስተኛው ቀን የሌሊት ወፍ ከጓሮው ዛፍ ላይ ተዘቅዝቃ፣ «እኔንስ ለምን አትጠሪኝም?» አለቻት።

«አንቺንማ አልፈልግም። ሽንትሽ ያረፈበት ራስ ላሽ ያወጣል። የተጠጋሽው ቤትም ሰው አይበረክትበትም።»

«ማን ነገረሽ?»

«እንጃ። ሲመሽ ሲመሽ በጆሮዬ የሚነግረኝ አለ።»

«ነግሮሽ ሲጨርስስ ምን ያደርግሻል?»

ማንጠግቦሽ ልትመልስ አፏን ከፈተች። እጇ ግን ሳታስበው ጆሮዋን እያከከ ነበር። ያበጠውን ዳሰሰች።

«አየሽ እቴ» አለች የሌሊት ወፍ፣ «ስሜን የምታጠፋው ደምሽን የምትጠጣው ናት።»

«እሺ፣ አንቺስ ምን ልትጠይቂኝ ነው? ከእንግዲህ የምቆፍርበት ክንድ የለኝም።»

«ባልሽ የተወውን ባዶ ቀፎ፣ አፉን ወደ መሬት አድርገሽ ዛፉ ላይ ስቀዪልኝ። ጭስ አታሳዪኝ። ከዚያ ሂጂና ተኚ።»

ቀፎውን ስትሰቅል ጎረቤቷ አያ ድንበሩ በአጥር በኩል አያት።

«ማንጠግቦሽ፣ ማሩ እንዳይፈስብሽ» ብሎ ሳቀባት።

«ይፍሰስ አያ ድንበሩ» አለችው። ለመከራከርም አቅም አልነበራት።

አንድ ቀን ቀፎው ባዶውን ዋለ። ሁለተኛም ቀን ባዶውን ዋለ። በሦስተኛው ቀን የሌሊት ወፍ ከነዘመዶቿ ገባችበት። ሲመሽ ሲመሽ እየወጡ ጓሮውን ዞሩት፤ ቢምቢን ከአየር ላይ ለቀሟት። ጨርሳ አልጠፋችም፤ ግን ሳሳች። መስከረም ጠባ፣ ጥቅምት አለፈ፣ እንጉዳይ አልታመመችም።

አንድ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ከረረች፤ ማንጠግቦሽ ግን እርሻ አልታየችም። አያ ድንበሩ መጥቶ በሩን ቢያንኳኳ እንጉዳይ በጣቷ ጫፍ እየረገጠች ወጣች።

«እናቴ ተኝታለች» አለችው፣ «አይቀስቅሷት።»

ስለ ሌላው ክፉ የሚያወራላችሁን ሰው፣ ከእናንተ ምን እንደሚወስድ እዩት።

ተረቴን እናንተ ውሰዱ፤ ለእኔ እንቅልፌን መልሱልኝ።