ጥሩምባ የሰማው ባለጋሪ

አንድ ሰው ነበረ። ባለጋሪ ነው። አትቸኩል ኢዮስ፣ ጥያቄህን አልረሳሁትም። «ለእማዬ ጁስ ቤት የምሠራው ፕሮግራም ላይ ቁጥርና ቁጥር ስደምር ይደምራል፣ ቃልና ቃል ስደምር ያገጣጥማል፤ እኔ የፈጠርኩትን ጁስ ከጁስ ጋር ስደምር ግን ለምን ኤረር ይለኛል? ምልክቱ ያው አንድ አይደል?» ነው ያልከው። እንግዲያው ስማኝ።

ባለጋሪው አሮጊት እናቱን ይዞ አዲስ ሰፈር ገባ። በገባ በሳምንቱ እድር ተመዘገበ። ለራሱ አይደለም። እናቱ ታማለች፤ አንድ ቀን ብትሞትበት ብቻውን እንዳይቀብራት ፈርቶ ነው።

የሰፈሩን ጥሩምባ የሚነፉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሰው ሲሞት በማለዳ ወጥተው ጡ ያደርጋሉ። በቃ፣ ሰፈሩ ይነሳል። አንዱ የድንኳን ብረት ተሸክሞ ይወጣል፣ አንዱ አግዳሚ ወንበር። ጎረምሶቹ ዶማና አካፋ ይዘው ወደ መቃብር፣ ሴቶቹ ድስት ይዘው ወደ ለቅሶው ቤት። ማንም ማንንም አይጠይቅም። ሽማግሌው ይሄን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል፤ ሰዉን ሁሉ የሚያሠራው ጥሩምባቸው ይመስላቸዋል።

ባለጋሪው የመጀመሪያውን ጥሩምባ የሰማ ቀን ጫማውን በቅጡ ሳያደርግ ሮጦ ወጣ። ወጥቶ ቆመ። ሰው በግራ በቀኙ ያልፋል። የአንዱን አግዳሚ ጫፍ ያዝ ሲያደርግ «ተው ወንድሜ፣ ይሄ የኛ ሥራ ነው» ተባለ። ዶማ ልቀበል ሲል ጎረምሳው «ኧረ ጋሼ፣ ይሄ የኛ ነው» አለው። አፍሮ ተመልሶ ገባ። በሁለተኛው ለቅሶም እንዲሁ ሆነ፣ በሦስተኛውም።

ሰፈሩ ማማት ጀመረ። «ሰው ሞቶ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ያያል እኮ። ልቡ ድንጋይ ነው።» የእድሩ ዳኛም በሚመጣው እሁድ ስብሰባ ላይ ስሙ እንዲሰረዝ አሰቡ። ወሬው እናቱ ጋ ደረሰ። «እንግዲህ አንተና አህያህ ናችሁ የምትቀብሩኝ» አለችው። እየቀለደች ነበር። እሱ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ነገሩ ጥሩምባ ነፊውን ከነከናቸው። «ክፉ ሰው አይመስልም። በደንብ ሳይሰማ ቀርቶ ነው» አሉና ቅዳሜ ጠዋት ደጃፉ ድረስ ሄደው ነፉ። ባለጋሪው ወጣ። ቆመ። ጠጋ ብለው ደገሙ። እንደቆመ ነው። ጆሮው ሥር አስጠግተው ትንፋሻቸው እስኪያልቅ ለቀቁበት። አህያዋ ገመዷን በጥሳ ሄደች። ጎረቤት የድንኳን ብረቱን ተሸክሞ «ማን ሞተ?» እያለ ወጣ።

«ማንም አልሞተም። ግቡ» አሉ ሽማግሌው።

«አባባ፣ ሰማሁ» አለ ባለጋሪው ጆሮውን ይዞ። «ባለፈውም ሰምቻለሁ። ስሰማ ምን ላድርግ?»

«እየነገርኩህ አይደል እንዴ?»

«ጥሩምባው ጡ ነው የሚለኝ።»

ሽማግሌው ጥሩምባቸውን ዝቅ አደረጉ። ሠላሳ ዓመት ነፍተዋል፤ እውነትም ጥሩምባው ከጡ ሌላ ተናግሮ አያውቅም። ድንኳን የሚያወጣው ሰውዬ አባቱ ስላሳየው ነው። ሴቶቹም ቁጭ ብለው ተነጋግረው ነው ሥራ የተከፋፈሉት። ለዚህ ሰው ግን ማንም ምንም አላለውም።

ደጃፉ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «ምን አለህ ልጄ?»

«አህያ ነበረችኝ፣ አሁን እርስዎ አባረሯት። ጋሪና ሁለት በርሜል አለኝ።»

«ትመለሳለች። ለቅሶ ቤት ሁሌ የሚቸግረን ውሃ ነው። ጡ ሲል ስትሰማ በርሜልህን ሞልተህ ና። በቃ፣ ያንተ ይሄ ነው።»

እሁድ ዕለት ሽማግሌው ከሁሉ ቀድመው ተነሱና «ሥራውን ሳንነግረው ነው የጠራነው። ጥፋቱ የኛ ነው» አሉ። ስሙ አልተሰረዘም። ማክሰኞ ጥሩምባ ተነፋ፤ ድንኳኑ ሳይተከል ውሃው ደረሰ። እናቱ ይሄን ሰምታ «እንግዲህ ብሞትም ግድ የለኝም» ብትለው፣ «ዛሬ አይሆንም እማዬ፣ በርሜሉ ባዶ ነው» አላት።

የመደመር ምልክትህም ጥሩምባ ነው፣ ኢዮስ። ራሱ ምንም አያውቅም። የሚያውቁት ሰሚዎቹ ናቸው። ቁጥር ሲሰማው ይደመራል፣ ቃል ሲሰማው ይገጣጠማል፤ ቋንቋውን የሠሩት ሰዎች አስቀድመው ነግረዋቸዋል። ያንተ ጁስ ግን ትናንት ሰፈር የገባ እንግዳ ነው። አቮካዶና ማንጎ ሲደመሩ ስፕሪስ ይሁኑ ብለህ ክላሱ ውስጥ፣ ጁስ ምን እንደሆነ በገለጽክበት ቦታ፣ አልጻፍክለትም። ሳትነግረው ምልክቱን ደጋግመህ ብትጫነው ጆሮውን ይዞ ከመቆም ሌላ ምን ያድርግልህ?

ለማንኛውም እጅህን ልትታጠብ ስትወጣ እኔ ክላሱ ውስጥ ጽፌ ለጁሱ ነግሬልሃለሁ። በል ደምር። ምን ብሎ መለሰልህ? «ኢዮስ ዛሬ ብርጭቆ ያጥባል።» እኔን ምን ታየኛለህ፣ ጁሱ የተነገረውን ነው ያደረገው። ካልወደድከው ክፈተውና ራስህ በደንብ ንገረው። እኔ የእናትህን ስፕሪስ እየጠጣሁ እጠብቅሃለሁ።