የበጉ ጠጉርና የደብሪቱ ሻሽ

አንድ ቀን ደብሪቱ ጠዋት ፀጉሯን ላበጥር ብላ ብትቀመጥ፣ ማበጠሪያው አፉን ሞልቶ ጎርሶ ተነሣ። ድሮ ሹሩባዋ ወገቧን እየመታ ገበያ ስትወጣ መንገደኛ ዞሮ የሚያያት ሴት ነበረች። የወር አበባዋ ከተቋረጠ ወዲህ ግን ፀጉሯ እንደ አሮጌ ነጠላ ሳስቶ፣ ሻሽ ከራሷ አይወርድም። የረገፈውን ክፉ ሰው እንዳያገኝባት እየጠቀለለች ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ትወትፋለች። «ከእኔስ ግድግዳው ፀጉራም ሆነ» እያለች ጎረቤቱን ታስቃለች፤ መስታወቷን ግን ፊቱን አዙራ ነው የሰቀለችው።

ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ ደሟን አስመርምራ፣ «እትዬ፣ በዚህ ዕድሜ የብዙ ሴት ፀጉር ይሳሳል፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ግን ደምዎም አንሷል። ለመሆኑ ምን ይበላሉ?» አለቻት።

«ከባሌ የተረፈውን።»

«ምን ይተርፋል?»

«ድስቱ።»

ነርሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «እንቁላል፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሲገኝም ሥጋ ይብሉ። ፀጉር ቶሎ አይመለስም፤ የቀረው እንዲበረታ ግን ሰውነትዎ ምግብ ይፈልጋል» ብላ ሸኘቻት።

እንቁላሉስ ቤት ነበረ፤ ችግሩ ባሏ ቢያድግልኝ ነው። ይሄ ሰው የማያውቀው ነገር የለም፣ የሚሰጠው ነገርም የለም። ዶሮዋ ስታስካካ ቀድሞ ቆጥ ሥር የሚደርሰው እሱ ነው። እንቁላሉ ደግሞ ለማን? ክረምቱን ሙሉ ለእንቁጣጣሽ ለሚያደልበው ሙክት! ገብሱ ላይ እየተመታ ይሰጠዋል፤ መቺዋም ደብሪቱ ናት።

ፍልሰታ እንደተፈታ፣ «ነርሷ እንቁላል ብዪ ብላኛለች» አለችው።

«ለምንሽ?»

«ለፀጉሬ።»

ከት ብሎ ሳቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ የዋጥሽው ወደ ታች ይወርዳል፣ ፀጉርሽ ያለው ወደ ላይ ነው። የት ሊገናኙ ነው? ይልቅ ሻሽሽን ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ፤ ሻሽ እንቁላል አይበላም። ደግሞስ በዚህ ዕድሜሽ ማን ሊያይልሽ ነው?»

ደብሪቱ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረች። መልስ አጥታ እንዳይመስላችሁ፤ ሰሚ እስኪመጣ ነው።

በዚያ ሰፈር በዓል ሲቃረብ ወንዶቹ የየቤቱን ሙክት እየዞሩ ይዳስሳሉ፤ የማን በለጠ ተብሎም ይፈረዳል። ፈራጁ የእድሩ ዳኛ ጋሽ መንበሩ ናቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው አስከትለው ቢያድግልኝ ግቢ ከች አሉ። ሙክቱ ወጣ። ሲራመድ ላቱ ይወዛወዛል፣ ጠጉሩ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። ጋሽ መንበሩ እጃቸውን ጠጉሩ ውስጥ ቢከቱት አልታይ አለ።

«ወይ ጉድ! እጄ ጠፋኮ! ምን አድርገኸው ነው?»

ቢያድግልኝ ደረቱን ነፋ። «ጋሼ፣ ቅቤ ቀብቼው እንዳይመስልዎት። ሥራው በውስጥ ነው! እንቁላል ነው የማበላው፣ እንቁላል። ከብት ምን እንደበላ ማወቅ ከፈለጉ አፉን አይዩ፣ ጠጉሩን ይዩ። ጠጉር ቀላቢውን ያሳብቃል!»

«እውነት ነው» አሉ ጋሽ መንበሩ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ጠጉር አይዋሽም።»

ሰዉም «አይዋሽም፣ አይዋሽም» አለ።

ደብሪቱ ለእንግዶቹ ቆሎ ይዛ ቆማ ነበር። ሰፌዱን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። ስንት ዘመን በሰው ፊት ያልተፈታውን ሻሽ ፈታችና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው። ከዚያ ከሙክቱ ጎን ጎንበስ ብላ፣ ራሷን ወደ ጋሽ መንበሩ እጅ አስጠጋች።

«እንግዲያው ጋሼ፣ እጅዎ ሳይመለስ ይቺንም ዳሰስ ያድርጉልኝ፤ የሁለታችንም ቀላቢ አንድ ሰው ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሙክቱ ጠዋት ጠዋት ጓዳው በር ላይ ቆሞ ይጮኻል፤ ምን ያድርግ፣ ቢያድግልኝ እንቁላሉን ይዞ በአጠገቡ እያለፈ ወደ ደብሪቱ ሲገባ እያየ!