የተመራቂዎቹ ዝርዝርና የቆመው ሊፍት

ጠጋ ጠጋ በሉ፣ የስንዱን ጉድ ላጫውታችሁ። ስንዱ ኤሌክትሪክ መማር ፈለገች። አባቷ በሬያቸውን ሸጠው “ልጄ፣ ብሯ ይቺው ናት፤ ሌላ በሬ የለኝም” አሏት። ከተማው ውስጥ ኮሌጅ ሁለት ነው። የላይኛው አምስት ፎቅ፣ መስታወት በመስታወት፣ ክፍያው እጥፍ። የታችኛው ቆርቆሮ በቆርቆሮ፣ ክፍያው ግማሽ። ስንዱ ማወቅ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያስመረቋቸው ልጆች የት ገቡ?

መጀመሪያ ታች ሄዳ ጠየቀች። “ሥራ ላይ ናቸዋ! ማን ቁጭ ብሎ ይመዘግባቸዋል?” አሏት። ይሄ ደግሞ መልስ ነው? ምዝገባ የሚዘጋው ዛሬ ነውና እየተጣደፈች ወደ ላይኛው ወጣች።

ሬጅስትራሯ እትዬ አልጋነሽ ፋይሉን መታ መታ አድርገው “ዝርዝሩማ ይኸው፤ ያለ ደብዳቤ ግን አልሰጥም” አሉ።

የዲኑ ጸሐፊ ደብዳቤውን በእጇ ጫር ጫር አደረገችላትና “ማህተም የለውም፤ አይወጣም” አለች። ዝርዝሩ ያለ ደብዳቤ አይሰጥ፣ ደብዳቤው ያለ ማህተም አይወጣ!

ማህተሙስ? መሳቢያ ውስጥ። ቁልፉስ? ዲኑ አቶ ድንበሩ ኪስ ውስጥ። ዝርዝሩ ያለ ደብዳቤ አይሰጥ፣ ደብዳቤው ያለ ማህተም አይወጣ፣ ማህተሙ ያለ አቶ ድንበሩ አይገኝ!

አቶ ድንበሩስ? ሊፍት ውስጥ! ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ መሀል ቆሞባቸው “ኧረ የሰው ያለህ!” እያሉ በሩን ይደበድባሉ። ዝርዝሩ ያለ ደብዳቤ አይሰጥ፣ ደብዳቤው ያለ ማህተም አይወጣ፣ ማህተሙ ያለ አቶ ድንበሩ አይገኝ፣ አቶ ድንበሩ ያለ ሊፍት አይወርዱ!

መብራት ጠፍቷል፤ ጄኔሬተሩም እምቢ ብሏል። አጠገቡ ጥበቃው ጎሹ ዱላውን ይዞ ቆሟል። ዝርዝሩ ያለ ደብዳቤ አይሰጥ፣ ደብዳቤው ያለ ማህተም አይወጣ፣ ማህተሙ ያለ አቶ ድንበሩ አይገኝ፣ አቶ ድንበሩ ያለ ሊፍት አይወርዱ፣ ሊፍቱ ያለ ጄኔሬተር አይንቀሳቀስ!

“ወንድሜ፣ በዚህ ሁሉ ፎቅ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ አንድ ሰው ጠፋ?” አለች ስንዱ።

ጎሹ አንገቱን ደፋ። “እኔው አለሁ። እዚሁ ነው የተመረቅሁት፣ ያውም በማዕረግ። ጄኔሬተር ግን በሥዕል እንጂ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ሠራተኛ ተጠርቷል፤ እየመጣ ነው።”

ስንዱ ክው አለች። የአባቷ በሬ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት።

ይሄኔ አንዲት ሰማያዊ ቱታ የለበሰች ልጅ በሞተር ሳይክል ከች አለች። መፍቻዋን አወጣች፣ አንዱን ፈታች፣ ሌላውን አጠበቀች።

“የት ነው የተማርሽው?” አለቻት ስንዱ።

“ታች ነዋ! ግሪስ ሳልነካ የዋልኩበት ቀን አልነበረም” አለችና የማስነሻውን ቁልፍ ጠመዘዘች።

ዱዱዱዱ! ጄኔሬተሩ ሊፍቱን አንቀሳቀሰ፣ ሊፍቱ አቶ ድንበሩን አወረደ፣ አቶ ድንበሩ ላባቸውን እየጠረጉ መሳቢያውን ከፈቱ፣ ማህተሙ ደብዳቤው ላይ አረፈ፣ ደብዳቤው ዝርዝሩን አስወጣ፣ ዝርዝሩም ስንዱ እጅ ገባ!

ቁጭ ብላ አነበበች። ግማሹ ባዶ ነው። መሀል ላይ እንዲህ ይላል፦ “ጎሹ ታምሩ፤ ኤሌክትሪክ፤ በሙያው ተሰማርቷል፤ የሥራ ቦታ፦ ጄኔሬተር አጠገብ።”

ስንዱ ሳቋ አመለጣት፤ ቀጥሎ ጎሹ አሳዘናት። ለራሷ ግን ልቧ ሙሉ ሆነ። ግማሹ ብር ለአባቷ ይመለሳል፤ ጥጃ ይገዙበታል።

“እህቴ፣ ወደ ታች ነሽ?” አለቻት ባለቱታዋን።

“ነኝ፣ ተፈናጠጪ!”

ሞተሩ ከግቢው ሊወጣ ሲል ጎሹ ዱላውን ጥሎ ከኋላ ሮጠ።

“እህቶቼ! እህቶቼ! የማታ ያስተምሩ እንደሆነ ጠይቁልኝ!”