ያልተሳለው ወንዝ

አንድ አይናር የሚባል ካርታ ሠሪ ነበር። በምድር ሰሜናዊ ጫፍ የሚገዛ ንጉሥ፣ በረዶ የማይለቀውን የግዛቱን ዳርቻ ከነወንዞቹ በካርታ ላይ እንዲያሰፍርለት ላከው። አይናር ሦስት በጋ በእግርና በጀልባ ዞረ። ተራሮቹን ለካ፤ ድንጋይ ያሰረበትን ገመድ እየጣለ የውሃውን ጥልቀት መዘገበ። ብርዱ ሁለት የእግር ጣቶቹን ወሰደበት። የመጨረሻውን ወንዝ ግን እስከ መድረሻው ሊከተለው አልቻለም፤ የበረዶ ግግር መንገዱን ዘጋበት። እዚያ ቦታ ላይ ካርታውን ባዶ ትቶ «አላየሁትም» ብሎ ጻፈበት።

ንጉሡ ካርታውን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ይህን ነው ለእንግዶች የማሳየው? ወንዝ እንደሆነ ባሕር መግባቱ አይቀርም። አንድ መስመር ስበህ ጨርሰው!»

«ንጉሥ ሆይ፣ የት እንደሚገባ አላየሁም» አለ አይናር። «ያላየሁትን ብስል፣ ጣቶቼን ከፍዬ ያየሁትም ዋጋ ያጣል።»

ንጉሡ አባረረው። መስመሩን አንድ የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ከሞቀ ክፍሉ ሳይወጣ ሳበው። አይናር ወደብ ዳር ካለች ጎጆው ገብቶ የዓሣ መረብ እየጠገነ ይኖር ጀመር። ካርታውን ለጠየቀው መርከበኛ ሁሉ ግን በእጁ ካስቀረው ቅጂ ገልብጦ ይሰጠው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አንድ የመርከብ አዛዥ በሩን አንኳኳ።

«አርባ ሰው ጭኜ በረዶ ከበበኝ» አለው። «ሁለቱም ካርታዎች በእጄ ነበሩ። የቤተ መንግሥቱ በዚያ ወንዝ በኩል አጭር መውጫ ያሳያል። የእርስዎ በጠባቡ የባሕር ሰርጥ ዘጠኝ ቀን ያስኬዳል። ሰዎቼ በአጭሩ እንሂድ ብለው ጮኹብኝ፤ እኔ በእርስዎ ሄድኩ። ሰርጡ ልክ በጻፉት ጥልቀት አሳለፈን። አርባዎቹም ዛሬ ቤታቸው ናቸው።»

«የእኔን ለምን መረጥክ?»

«‹አላየሁትም› ብሎ ለመጻፍ ያላፈረ ሰው፣ አየሁ ያለውን በእርግጥ አይቶታል ብዬ ነዋ!»

አይናር የያዘውን መረብ አስቀምጦ ተነሣ። አዛዡ ክንዱን ይዞት ወጣ። ካርታ ሠሪው እያነከሰ፣ ግን ደረቱን ነፍቶ በወደቡ መካከል አለፈ፤ መርከበኞቹም አንድ በአንድ ከተቀመጡበት ተነሡለት። በዕድሜው እንደዚያ ቀን ኮርቶ አያውቅም።

«አላውቅም» ማለት የሚያዋርደን ይመስለናል። ነገር ግን የማያውቀውን በግልጽ የሚናገር ሰው ነው የሚያውቀው ሁሉ የሚታመንለት። እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፤ ሰው ደስ እንዲለው ብለን ሳናይ የሳብነው መስመር የቱ ነው? ዛሬስ እሱን አምኖ የሚጓዝ ማን ይሆን?