የይርዳው ድምፅ የት ቀረ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ አንዲት ሴት የባሏን ድምፅ ፍለጋ የስንቱን በር እንዳንኳኳች ላጫውታችሁ።

ደብሪቱ ዓይኗ አያይም። ባሏን ይርዳውን የምታውቀው በድምፁ ነው። ይርዳው ታመመና ሆስፒታል ገባ፤ ጉሮሮው ላይ የመተንፈሻ ቱቦ ተደረገለት። ነፍሱ ተረፈች፤ ድምፁ ግን ጠፋ። መጀመሪያ ሰሞን ስትመጣ እጇን ጨበጥ ያደርግላት ነበር። ኋላ እጁ እየዛለ፣ ምግብም እየተወ ሄደ። ፊቱን ስትዳብስ ወደ ግድግዳ ዞሮ ታገኘዋለች። ተስፋ ሊቆርጥብኝ ነው ብላ ፈራች። አንዲት ቃል ቢናገር ሌላ አልፈልግም አለች።

የክፍሉ ነርስ ሲስተር ሀያት እንዲህ ያሉ በሽተኞችን ለመርዳት ተጨማሪ ትምህርት ተምራለች። «እማማ፣ ቱቦው አፍ ላይ ትንሽ ክዳን ቢገጠምለት ትንፋሹ ወደ ላይ በአፉ ይወጣና ይናገራል» አለቻት።

«ታዲያ ግጠሚለታ ልጄ። አትችይም?»

«እችላለሁ። ግን እዚህ ቤት የነርስ ሥራ አይደለም። ሐኪም ካላዘዘኝ አልነካውም።»

ደብሪቱ ግድግዳውን እየዳበሰች ወደ ክፍሉ ሐኪም፣ ወደ ዶክተር ናሆም ሄደች። «ልጄ፣ ባሌ ያለ ክዳን አይናገርም፤ ክዳኑ ያለ ነርስ አይገጠምም፤ ነርሷ ያለ ሐኪም አትነካም። እባክህ እዘዝላት።»

«በእኔ ቢሆን አሁኑኑ ባዘዝኩ» አላት ናሆም አዝኖ። «ቱቦውን ያስገቡት ግን የጉሮሮ ሐኪሙ ናቸው። እሳቸው ሳይፈቅዱ አላዝም።»

የጉሮሮ ሐኪሙ ዶክተር ቃለአብ ከቀዶ ጥገና ክፍል ሲወጣ በሩ ላይ ጠበቀችው። «ዶክተር፣ ባሌ ያለ ክዳን አይናገርም፤ ክዳኑ ያለ ነርስ አይገጠምም፤ ነርሷ ያለ ሐኪም አትነካም፤ ሐኪሙ ያለ እርስዎ አያዝም። እባክዎ ይፍቀዱለት።»

ቃለአብ ክንዷን ይዞ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣት። «እናቴ፣ የትንፋሽ ነገር ነው። ክዳኑ ሲገጠም አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ውሎዬ እዚህ ውስጥ ነው። ሀያት ብትሠራው ደስ ይለኛል። ለነርስ ሥራ መጨመር የሚችሉት ግን የሆስፒታሉ ኃላፊ ናቸው።»

ደብሪቱ ወደ ኃላፊዋ ወደ ዶክተር ፈትለወርቅ ወጣች። «የኔ እመቤት፣ ባሌ ያለ ክዳን አይናገርም፤ ክዳኑ ያለ ነርስ አይገጠምም፤ ነርሷ ያለ ሐኪም አትነካም፤ ሐኪሙ ያለ ጉሮሮ ሐኪሙ አያዝም፤ የጉሮሮ ሐኪሙ ያለ እርስዎ አይፈቅድም።»

ፈትለወርቅ መለሰችላት። «እኔስ ያለ ነርሷ እንዴት ልፍቀድ? እችላለሁ፣ ይጨመርልኝ ያለኝ ነርስ የለም። ያልጠየቀን ሰው በግድ ኃላፊነት ላሸክመው?»

ደብሪቱ ወደ ሀያት ተመለሰች። «ልጄ፣ ባሌ ያለ ክዳን አይናገርም፤ ክዳኑ ያለ አንቺ አይገጠምም፤ አንቺ ያለ ሐኪም አትነኪም፤ ሐኪሙ ያለ ጉሮሮ ሐኪሙ አያዝም፤ እሱም ያለ ኃላፊዋ አይፈቅድም፤ ኃላፊዋ ደግሞ ያለ አንቺ አትፈቅድም።»

ሀያት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ፈርቼ ነው እማማ» አለች። «ብገጥመውና ትንፋሽ ቢያጥረውስ?»

«ቢያጥረው ምን ታደርጊያለሽ?»

«ወዲያው አነሳዋለሁ።»

«እንግዲያው ታውቂያለሽ። ነይ፣ የኃላፊዋን በር እኔ አሳይሻለሁ።»

የሚያዩ ዓይኖች ያሏትን ሀያትን ደብሪቱ እጇን ይዛ መራቻት።

ነርሷ ጠየቀች፤ ኃላፊዋም ፈቀደች፤ «የመጀመሪያውን ዶክተር ቃለአብ ባሉበት፣ ከዚያ በኋላ ራስሽ» አለቻት። የጉሮሮ ሐኪሙ በሁለት ቀዶ ጥገና መሀል መጥቶ አጠገቧ ቆመ፤ የክፍሉ ሐኪም አዘዘ፤ ነርሷ አክታውን ጠርጋ፣ ቱቦውን አመቻችታ፣ ክዳኑን ገጠመች። ይርዳውን አሳለው። ሁሉም ጠበቁ። ትንፋሹ ቀስ እያለ ተረጋጋ።

ደብሪቱ ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠጋች።

ድምፁ ሻካራ ነበር፤ ቀጭንም ነበር፤ ግን የእሱ ነበር።

«ደብሬ» አላት፣ «ምሳ በላሽ?»

ደብሪቱ አንድም ሳይቀር ሰምታዋለች።

«አልሰማሁህም» አለችው። «እስቲ ድገመው።»