ቀጥቃጮቹን ያስጠየቀው ሹም

አንድ ሹም ነበረ። ቆዪ እስቲ ትርንጎ፣ ከጥያቄሽ እየሸሸሁ አይደለም። «አባቴ ነፍሱ ልትወጣ ስትል እንኳ ‹ተመስገን፣ ደህና ነኝ› የሚል ሰው ነው፤ ኢንፍሉዌንዛው ምን ያህል እንደጎዳው በምን ያውቃሉ ዶክተር? ደሙንስ ለምን ወሰዳችሁት?» አልሽኝ። ውጤቱ እስኪመጣ እዚህ ኮሪደር ላይ ከምትንቆራጠጪ ቁጭ በይና ስሚኝ።

ሹሙ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ያሉ ሁለት መንደሮችን ያስተዳድር ነበር። አንድ ዓመት ልክ በዘር ወቅት ወራሪዎች ሁለቱንም በአንድ ቀን ከበቧቸው። ሹሙ ያሉት ወታደሮች ለአንዱ መንደር ብቻ የሚበቁ ናቸው። ተሳስቶ ከላካቸው ሌላው ያልቃል።

መልእክተኛ ልኮ «እንዴት ናችሁ?» ብሎ አስጠየቀ። የወዲህኞቹ መልእክተኛውን ገና ከሩቅ ሲያዩ «አለቅን! ኧረ ድረሱልን!» እያሉ ደረታቸውን ደቁ። የወዲያኞቹ ግን ተሰብስበው እጅ ነሱ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ጌታችንስ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? ከብቶቹስ?» አሉ። ወይ የኛ ሰው! የራሱ ቤት እየተቃጠለ የሌላውን ከብት ደህንነት ይጠይቃል።

ሹሙ መልሱን ሰምቶ ወደሚጮኸው መንደር ሊዘምት ተነሣ። እግሩን እርካብ ላይ ካደረገ በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነው። «እስካሁን የጠየቅነው አፋቸውን ነው» አለ። «እስቲ ሂዱና የሁለቱን መንደር ቀጥቃጮች እዩልኝ። ዛሬ ምን እየሠሩ ነው?»

የወዲህኛው ቀጥቃጭ ማረሻ ሲያሾል ተገኘ። ጠዋት ጥቂት ጦር ታዞ ሠርቷል፤ ከዚያ በኋላ ጦር ብሎ የመጣበት ሰው የለም። የወዲያኛው ቀጥቃጭ ግን ቀና ብሎ ሰላምታ የሚመልስበት ፋታ እንኳ አልነበረውም። ደጁ ላይ ማረሻ ተከምሯል። ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ቢሉት፣ «ሰዉ ሁሉ ማረሻውን እያመጣ ጦር አድርግልኝ ይለኛል» አለና ወደ ወናፉ ዞረ። አስቢው እንግዲህ። በዘር ወቅት ማረሻውን ጦር የሚያስደርግ ገበሬ፣ አፉ ምንም ቢል፣ ጭንቅ ላይ ነው።

ሹሙ ይህን ሲሰማ ወታደሮቹን አዙሮ ወንዙን አሻገራቸው። ደረሱ፤ እሰይ፣ በሰዓቱ ደረሱ! ወራሪዎቹ የመጨረሻውን አጥር ሲነቅሉ አገኟቸውና አባረሯቸው። አንድ ሕፃን እንኳ አልጠፋም። የሚጮኸው መንደር ደግሞ ጠዋት ባሠራው ጦር የራሱን ወራሪዎች መልሶ፣ ማታ ጩኸቱ ገና አልበረደለትም ነበር። የወዲያኛው መንደር ሽማግሌ ላባቸውን እየጠረጉ ወጥተው ወታደሮቹን ምን አሏቸው መሰለሽ? «ምነው ይህን ሁሉ መንገድ ደከማችሁ? እኛ እኮ ደህና ነበርን!»

አየሽ ልጄ፣ መንደሩ የሰው ገላ ነው፤ ወራሪው ኢንፍሉዌንዛ ነው። አንዱ በሽተኛ በትንሹ ይጮሃል፣ ሌላው ‹ዶክተሩን እንዴት ላስቸግር› ብሎ ያፍራል። እኔ በሠላሳ ዓመት ሥራዬ በሁለቱም ተሳስቻለሁ፤ ዝም ባሉት መሳሳቴ ዛሬም ያንገበግበኛል። ቀጥቃጮቹ ደም ውስጥ ናቸው። የደም ሴሎች የትኛውን ዘረመል ሥራ ላይ እንዳዋሉ፣ የትኛውን እንዳሳረፉ ስናነብ፣ ገላው ማረሻ እየሠራ ይሁን ጦር እናውቃለን። የአባትሽን ትንፋሽም ሳንባም አይቻለሁ፤ እሱ አይቀርም። ግን አባትሽ ይሉኝታ ያጠቃቸዋል። ደማቸው ይሉኝታ አያውቅም።

ይኸው፣ ወረቀቱም መጣ። ቆዪ፣ መነጽሬን ላድርግ።

እፎይ! ነይ ወዲህ ልጄ። ያባትሽ ቀጥቃጮች ጦሩን ሠርተው ጨርሰው ወደ ማረሻቸው ተመልሰዋል። ኧረ አታልቅሺ! ደግሞ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ፣ እኔም ስፈራ ነው የዋልኩት። ከዚያ ፊትሽን ታጠቢና ግቢ፤ እንዴት ነህ አባዬ በያቸው። እንደ ልማዳቸው ተመስገን፣ ደህና ነኝ ይሉሻል።

ዛሬ እውነታቸውን ነው።